አንዴ ነው ወይስ ሁልጊዜ?

የሆስፒታሉ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ከደረጃ ሥር ናት። ጣሪያዋ ደረጃውን ተከትሎ ስለሚያዘቀዝቅ ረዘም ያለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ለእኔ ለአጭሯ ግን ፈጣሪ በልኬ ያሰፋልኝ ይመስል ተመችታኛለች። ሁለት ወንበር አላት፣ ሁለት ማዳመጫ፣ ከጣት ብዛት ቁጥሮቹ የተፋቁበት የቁልፍ ሰሌዳ፣ ከመሬት እኩል የሆነች ጠባብ መስኮት። በመስኮቷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። የሰውን ድምፅ ያለ ፊቱ ስሰማ፣ የሰውን ጫማ ያለ ባለቤቱ ሳይ ኖርኩ ብል አላጋነንኩም።

ፈረንሳይኛም ወደ እኔ የገባው በጆሮ በኩል ነው። ድሮ ሆስፒታሉ ውስጥ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው ሲደውሉ «ትንሽ ይጠብቁ» ማለት ካልቻልኩ የናቅኳቸው መስሏቸው ይቀየሙኛል። ስለዚህ መጀመሪያ «ይጠብቁ»ን ተማርኩ፤ ቀጥሎ «ቀዶ ጥገና ላይ ናቸው»ን። ሐኪሞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ቋንቋቸው ግን እንደተረሳ ጃንጥላ እኔ ዘንድ ቀረ። ሽፋኑ የተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዛሁና ጠዋት ጠዋት ከጸሎቴ ቀጥሎ አንድ አንድ ገጽ ማንበብ ያዝኩ። አስተማሪ ነኝ ብዬ ግን አላውቅም። ከማውቀው የማላውቀው ይበዛል።

ሲስተሯን ወደ እኔ የላካት ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ በሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ባትሪ አያልቅበትም ብለው ነው ስሙን ያወጡለት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ጥሪው ጋብ ሲል፣ የሕፃናት ክፍሏ ነርስ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ አሉኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሬዲዮ።»

«እንግዲያ አገር ሁሉ ሰምቷል በይኛ። ግቢ፣ ግንባርሽን እንዳትመቺ።»

ገባችና ነገሩን ነገረችኝ። ውጭ አገር ያለ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ሊቀጥራት ፈልጓል፤ የቀራት የቃል ፈተና ብቻ ነው። ፈታኟ ፊት ተቀምጣ ከልጅነቷ አንድ ትዝታ በፈረንሳይኛ ማውራት አለባት። ቃሉን ታውቃለች፣ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ የሚያስቸግራት ያለፈውን ጊዜ መምረጥ ነው።

«ሁሉም ያለፈ ነው አይደል?» አለች። «ታዲያ ለምን ሁለት አደረጉት?»

እውነቷን ነው፤ ፈረንሳይኛ ስላለፈ ነገር ሲያወራ ሁለት በር አለው። አንደኛው ፓሴ ኮምፖዜ ይባላል፤ ሆኖ ለተፈጸመ ነገር ነው። መጣ፣ በላ፣ ሄደ። ሁለተኛው ኢምፓርፌ ነው፤ ሲደጋገም ወይም ሲቆይ ለነበረ ነገር። ይመጣ ነበር፣ ይበላ ነበር፣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። እኛም እኮ አለን፤ ብቻ እኛ ሳናስብበት እንናገረዋለን። እኔ ለራሴ የገባኝ በስልኬ ነው። መብራቷ ትበራለች፣ አነሳለሁ፣ አገናኛለሁ፣ ይዘጋል። ይህ ፓሴ ኮምፖዜ ነው። ከጥሪው ኋላ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ አለ፤ ሲጀምር አልሰማሁትም፣ ሲያልቅም አልሰማውም። እሱ ኢምፓርፌ ነው። ለሲስተሯም የሰጠኋት መላ አንድ ነው። ግሱ አፍሽ ላይ ሲደርስ ቆም በይና ራስሽን ጠይቂ አልኳት፤ አንዴ ነው ወይስ ሁልጊዜ?

«እኔን ብትጠይቁኝ» አለ ሬዲዮ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ያለፈ አለፈ ነው። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። አንድ በር በቂያቸው ነበር።»

«አንተ ምሳህን ብላ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት እየመጣች አንድ ጥግ ትይዝ ጀመር። ጎበዝ ናት። በሥራዋም እንዲሁ ናት ይላሉ፤ የሚያለቅስ ሕፃን እሷ ካቀፈችው ዝም ይላል። አንድ ነገር ብቻ ይቀልዱባታል። በአምቡላንስ በሽተኛ አድርሳ ስትመለስ፣ ሞተሩ ገና ከመነሳቱ ጭልጥ ብላ ትተኛለች። ሹፌሮቹ «ሲስተርን ለማስተኛት መርፌ አያሻም፣ ቁልፍ ማዞር ነው» ይላሉ። እሷም ትስቃለች። «የናፍጣ ሽታ ሲሸተኝ ዓይኔ ይከደናል፤ ምን ላድርግ» ትላለች።

ስለ አባቷ የሰማሁት ግን ከእሷ አፍ አልነበረም። ከአክስቷ ነው፤ በስልክ።

አክስቷ የአባቷ እህት ናት። ያን ሰሞን በየቀኑ ትደውላለች። «የኔ እመቤት፣ ሲስተርን ያገናኙኝ» ትላለች። ሲስተሯ ደግሞ አስቀድማ ነግራኛለች፤ «አክስቴ ከደወለች ሥራ ላይ ናት በሉልኝ።»

«ሥራ ላይ ስትሆኚ እላለሁ» አልኳት። «ሳትሆኚ ግን አልዋሽልሽም። ማነጋገር አልፈለገችም እላለሁ።»

«እሱም ይሁን» አለች።

አልፈለገችም ስላት አክስቷ አልተቆጣችም። ተነፈሰችና እኔኑ ታወራኝ ጀመር፤ ሰው አንዳንዴ ማንም ይሁን ጆሮ ካገኘ ይበቃዋል። ወንድሟ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ልጁ ልትሄድበት እንደሆነ ከሰው ሰምቷል። «አንዴ እንኳ ዓይኗን ሳያይ ልትሄድ ነው» አለች። «እሷ መቼ ትመጣለች፤ ከመጣች እንኳ ቆማ ነው የምትሄደው፣ ወንበር አትይዝም።»

«እሳቸው ለምን አይደውሉላትም?»

«ይደውላል እንጂ። ብቻ ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጎን ተቀምጦ ጆሮው ሄዷል። ስልክ ሲይዝ ሰፈር እስኪሰማ ይጮሃል፣ የሚመልሱለትን አይሰማም፣ ያፍርና ይዘጋዋል። ለእሷ ጆሮዬ ከዳኝ አይልም፤ ሞቶ ነው።»

ይህን ለሲስተሯ ልንገራት አልንገራት እያልኩ አሰላሰልኩ። የሰማሁትን ማመላለስ ሥራዬ አይደለም፤ እኔ መስመር ነው የማገናኘው። ጸለይኩበት፣ ዝም አልኩ።

ፈተናው ሲቃረብ ትዝታዋን ይዛ መጣች። በቃሏ አጥንታዋለች። ሬዲዮ በለቀቀላት ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ዓይኗን መስኮቱ ላይ፣ የሚያልፉት ጫማዎች ላይ ጣለች።

«ይኸው፣ ጀመርኩ» አለች። በፈረንሳይኛ ያለችው እንዲህ ነው። «ልጅ ሆኜ አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ አይመጣም ነበር። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይሄዱ ነበር። እሱ አውቶቡሱን እየነዳ ከፊቴ ያልፍ ነበር፤ አያቆምም ነበር። ዝናብ ይዘንብ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ካፖርቱን አልብሶ ቤቴ ያደርሰኝ ነበር።»

ኢል ነ ቭኔ ፓ፣ አይመጣም ነበር፣ ስትል ድምፅዋ የለሰለሰ፣ የታሸ ነበር። ብዙ ጊዜ ለራሷ ያለችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«ስህተት አለው?»

«ስህተትስ አልሰማሁም። ካፖርቱ ምን ዓይነት ነበር?»

«የወታደር ካፖርት። አንዱ ቁልፍ ተበጥሶ በሽቦ የታሰረ።»

«ሁልጊዜ በሽቦ የታሰረ?»

ሳቀች። «እኔ እንጃ። ያን ቀን በሽቦ ነበር።»

«የቱን ቀን?»

ሳቋ ቆመ። ሬዲዮ እንኳ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«የትኛውም ቀን» አለች። «ሁሌም እንደዚያ ነበር።»

«ይሁን። ዝናብም ሁሌ ነበር?»

«እትዬ» አለች፤ ፊቷ ቀላ። «እኔ ፈረንሳይኛ ልማር እንጂ ንስሐ ልገባ አልመጣሁም።»

«እኔስ መች አናዛዥ ሆንኩ ልጄ። ለግሱ ብዬ ነው። ፈታኟም እኮ ትጠይቅሻለች። ዝናብ ያለበት፣ ካፖርት ያለበት፣ ሽቦ ያለበት ነገር አንድ ቀን ይመስላል። ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ቁልፍ በቁልፍ አይታወስም። እኔ ወደዚህ ሥራ የመጣሁባቸውን ጠዋቶች ብትጠይቂኝ አንዱንም አልነግርሽም።»

ዓይኗን ወደ ጫማዎቹ መለሰች። እኔም ጠበቅኳት። ስልክ ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር ዝምታን ለመስበር አለመቸኮል ነው፤ ሰው ከዝምታው ማዶ የያዘው ነገር አለ።

«ሌላውን ቀንስ በምን ነበር ቤት የምትሄጂው?» አልኳት በመጨረሻ።

«ዘበኛው...» አለችና ተወችው። «አይ፣ ዘበኛው ቤታችንን አያውቅም ነበር። ያን ቀን እኔ ነኝ መንገዱን ያሳየሁት።» ጣቷን ጉንጯ ላይ አደረገች። «ከትምህርት ቤት ስወጣ አስታውሳለሁ። አልጋዬ ላይ ስነቃ አስታውሳለሁ። መሃሉ ግን የለም። የሆነ ሙቀት ነው ያለው... እዚህ ጉንጬ ላይ። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ያኔ የለችም። ሕፃን ሆኜ ነው የሞተችው። እሱና እኔ ብቻ ነበርን።» ከዚያ ድምፅዋን መልሳ አጠነከረችው። «እሱ ረስቶኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በስልክም ያው ነው፤ ሁለት ቃል ይጮህብኝና ጆሮዬ ላይ ይዘጋል። የፈለጉትን የግስ ጊዜ ይስጡት፣ ሲያልፈኝ አይቻለሁ እትዬ። ዓይኔን አይቶ ነው ያለፈኝ።»

ይህን ያለችው በአማርኛ ነው። ያለፈኝ ያለችው አንዴ ላለፈ ነው፤ እሷ አላስተዋለችውም፣ እኔም አላረምኳት።

በማግስቱ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም፤ መጣች። ተቀምጣ ገና ደብተሯን ሳትከፍት የውጭ መስመር መብራት በራች። አነሳሁ።

«የኔ እመቤት፣ እኔ ነኝ» አለች አክስቷ። «ዛሬ ወንድሜ አጠገቤ ነው። እባክሽ እህቴ፣ ዛሬ ብቻ።»

ሲስተሯን አየኋት። ማን እንደሆነ ከፊቴ አወቀችና ራሷን ነቀነቀች።

«እዚሁ አጠገቤ ናት» አልኩ። «ማነጋገር ግን አልፈለገችም።»

ወዲያ ማዶ የስልኩ እጀታ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተሰማኝ። ከዚያ ከማዳመጫው አልፎ ክፍሏን የሞላ ጩኸት መጣ።

«ሃሎ! ሃሎ! ማነው! ሃሎ!»

«ይኸውላችሁ» አለች ሲስተሯ። «ገና ሳልናገር ይቆጣኛል።»

«ቁጣ አይደለም» አልኳት። «ጆሮ ነው።»

«ምን?»

«አባትሽ አይሰሙም።»

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጆሮው ለደከመ ሰው መጮህ ነገር ማበላሸት ነው፤ ጩኸት ቃሉን ይሰብረዋል። ድምፅን ወፈር ዝቅ አድርጎ፣ ቃል በቃል እያስቀመጡ መሄድ ነው። ይህን ሥራው ነው ያስተማረኝ፤ አዛውንቶች ለቀጠሮ ሲደውሉ ቀኑ ሙሉ እንዲህ ነው የማወራቸው።

«ጌታዬ» አልኩ ዝቅ ብዬ። «የሆስፒታሉ፣ ስልክ፣ ሠራተኛ፣ ነኝ። ይሰማዎታል?»

ጩኸቱ ቀጥ አለ። «ይሰማኛል» አለ። ከዚያ እንደገና፣ እንደ ገረመው ሰው፣ «ይሰማኛል እኮ።»

ሬዲዮ ያለ ቃል የራሱን ማዳመጫ አውልቆ ለሲስተሯ ዘረጋላት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገር የሠራው ሥራ ይመስለኛል። ማዳመጫውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አጠለቀችው። ማይክሮፎኑን ግን በእጇ ሸፈነች።

«ይጠይቁልኝ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ለምን አትመጣም ነበር ብለው።»

ያለችውን እንዳለችው አደረስኩ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሊወስዱኝ ለምን አይመጡም ነበር ትላለች።»

መስመሩ ውስጥ ያ ቀጭን ፉጨት ብቻ ቀረ።

«አልመጣም ነበር አለች?» አለ አባቷ። «የቱን ቀን ነው የምትለው... ተቆጣጣሪው የተሳፈረ ቀን ነዋ።»

ሲስተሯ ቀና አለች።

«እሷን ቀን እኔ መቼ ረሳኋትና» አለ። «ስሚ እመቤት፣ ንገሪልኝ። አመሻሽ ላይ የፈረቃዬ የመጨረሻ ጉዞ ሲያልቅ አውቶቡሱ ባዶውን ወደ ጋራዥ ይመለሳል። መንገዱ በትምህርት ቤቷ በኩል ነው። ባዶ መኪና ሰው አይጭንም፤ ሕጉ ነው፣ ቤተሰብ ከሆነማ ከሥራ ያስወጣል። እኔ ግን የውስጡን መብራት አጠፋና በሩ ላይ እቆማለሁ። ዘላ ትገባለች። ያኔ ሞተሩ ከሹፌሩ ጎን ነበር፤ ከላዩ ባለው ክዳን፣ ኮፈኑ ላይ ትቀመጣለች። ይሞቃል፤ ትኬት ቆራጩ ምሳውን የሚያሞቀው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ ጉንጯን ለጥፋ ተኝታለች።»

የሲስተሯ እጅ ማይክሮፎኑን ለቀቀና ወደ ጉንጯ ሄደ።

«ጋራዥ ስንደርስ በኮቴ እሸፍናትና እንደ ዕቃ ተሸክሜ እወጣለሁ» አለ። «በረኛው ምን ይዘሃል ይለኛል። የሚታጠብ ልብስ ነው እለዋለሁ። አንድ ቀን እግሯ ወጥቶ፣ ልብስህ ጫማ ያደርጋል እንዴ አለኝ። አይቶ እንዳላየ ያሳልፈኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። ቤት ድረስ በጀርባዬ ነው። አንድም ቀን ነቅታ አታውቅም።»

«ያን ቀንስ?» አልኩ።

«ያን ቀን ተቆጣጣሪው ወደ ጋራዥ አድርሰኝ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ኮፈኑ ላይ፣ የእሷ ቦታ ላይ። ጓደኛዬን ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሚስቱን ጭኖ ሲሄድ አግኝቶት አስባርሮታል። ዝናብ ነው። ስደርስ ከድንጋዩ ተነስታ ወደ አስፋልቱ መጣች። ምን ላድርግ? ክላክስ አደረግኩላት።»

«ክላክስ?»

«ሁለቴ። ጡጥ፣ ጡጥ። መጣሁ፣ ጠብቂኝ ማለት ነው። ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል እኮ። መኪናውን ጋራዥ ጥዬ በሩጫ ተመለስኩ። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ቤት ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።»

«ከዚያስ አልነገሯትም?»

«ምን ልበላት? ክላክስ አደረግኩልሽ አይደል ልበላት? በማግስቱ መጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አየችኝ። አልተነሳችም። ከጎረቤት ልጆች ጋር በእግሯ ሄደች። በማግስቱም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ደክማ ነው፣ ነገ ትነሳለች እያልኩ እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ እየቆምኩ በሩን እከፍት ነበር። ባዶ በር ከፍቶ መዝጋት ለሹፌር ምን ያህል እንደሚያሳፍር አታውቂም እመቤት።» ከዚያ መልሶ ጠየቀ። «ታዲያ አልመጣም ነበር ትላለች?»

የወጋ ይረሳል ይላሉ፤ ይህኛው አልረሳም፤ ሲያስታውስ የኖረው ግን ክላክስ ማድረጉን እንጂ መልእክቱ አለመድረሱን አልነበረም። ትንሽ ልጅ ክላክስ ሰምታ ቃል መስሎ አይታያትም። እሱ ደግሞ መሪ ይዞ ያደገ ሰው ነው፤ በክላክስ የተናገረውን በአፉ መድገም አልመጣለትም።

ሲስተሯ ጉንጯን እንደያዘች ነበር። «ኮፈን ነው» አለች ለራሷ። «እትዬ፣ ኮፈን ነው።»

«ሃሎ!» አለ አባቷ፤ ዝምታው አስደንግጦት መልሶ ጮኸ። «ሃሎ! ተቋረጠ እንዴ! እህቴ፣ ተቋርጧል መሰለኝ...»

«ይዘጋዋል» አልኳት። «ከተናገርሽ ተናገሪ። ዝቅ አድርገሽ፣ ወፈር አድርገሽ። አትቸኩዪ።»

ማይክሮፎኑን አቀረበች። ሬዲዮ በዓይኑ «በይ እንጂ» አላት።

«አባዬ» አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። እኔ፣ ነኝ፣ አባዬ።»

«ሰማሁሽ» አለ።

«ቅዳሜ፣ እመጣለሁ» አለች።

ማዳመጫዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የቀረው የእነሱ ነው። ሬዲዮ መሃረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠና «ጉንፋን ነው» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ፈተናው ዓርብ ነበር። ማታ ላይ በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ፤ ከደስታዋ የተነሳ ግንባሯን ጣሪያው መታት፣ አልታወቃትም። ትዝታዋን ከሥሩ አፍርሳ ነው እንደ አዲስ የሠራችው። በሌሊት ተቀምጣ ሳይሆን በታክሲ እየሄደች፣ በአማርኛ ለራሷ እያወራች። አባቷ በሩን ይከፍት ነበር አለች። እሷ ትተኛ ነበር። አንድ ቀን አለፋት፣ ክላክስ አደረገ፣ እሷ አልገባትም። ከዚያ ወዲያ እሱ ይቆም ነበር፣ እሷ አትነሳም ነበር።

«እዚህ ላይ ልቤ ተሰበረ እትዬ» አለችኝ። «አለመነሳቴ ነው ሁልጊዜ የነበረው። ያ የእኔ ነው።»

«ልጅ ነበርሽ» አልኳት።

«ልጅ ነበርኩ» አለች፤ እሷን ግስ ግን በጥንቃቄ ነው ያለቻት።

ፈታኟ አንድ ቦታ ብቻ አቋረጠቻት። አባቷ ተኝታ ሳለ በኮቱ ሸፍኖ ይሸከማት እንደነበር ስትናገር ሴትዮዋ እርሳሷን አነሳች። ስህተት የሠራች መስሏት ልታርማት ነው። «አንድ ቀን ነው ያ የሆነው?» አለቻት።

«አይደለም እመቤቴ» አለቻት ሲስተሯ። «ሁልጊዜ።»

ሴትዮዋ እርሳሷን መልሳ አስቀመጠች። ሲስተሯ አልፋለች።

ቅዳሜ እኔ ተረኛ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ያቺ መብራት በራች።

«የኔ እመቤት» አለች አክስቷ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ያን ያህል ጊዜ ስትደውል በሹክሹክታ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሲስተር ዛሬ ማታ ተረኛ ናት እንዴ? እንዳይረፍድባት ብዬ ነው። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ወንበር ያዘች፤ ያዘች እልሻለሁ። እሱ የድሮ የሥራ ኮቱን አውጥቶ እያሳያት፣ እሷ እያሸተተችው፣ ወሬ መሃል እዚያው ጭልጥ አለች። ወደ አልጋ እንኳ አልሄደችም። እሱ ኮቱን ደረበባትና በሩ ላይ ወንበር አድርጎ ተቀምጧል። ሰው አያስገባም። እኔን ራሴን ከወጥ ቤት አላስወጣም አለኝ። ልቀስቅሳት?»

ሬዲዮ የተራ ሰሌዳውን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ስሟ የለም።

«ተረኛ አይደለችም» አልኩ። «ተዪያት።»

ልትዘጋ ስትል ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ሲያወራ ሰፈር ይሰማዋል የተባለው ሰው ነው። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ቀስ በይ» ይላታል እህቱን። «ልጅ ተኝታለች።»